የበሩን ድምጽ አሰሙን፦ ለውጭ ሙዚቃ አቅራቢዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በየኤፍኤም ጣቢያው የውጭ ሙዚቃ ለምታቀርቡ፣ ስለ ሙዚቃ ለምትጽፉ፣ እንዲሁም ቢትልስን ለምትወዱ ሁሉ።

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ከረማችሁ?

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ታክሲ ውስጥ የሰማሁት ነገር ነው። አመሻሽ ላይ ከሥራ ወደ ቤት እየተመለስኩ ነበር። ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል። አቅራቢው ስለ ቢትልስ፣ ስለዚያ የአራት እንግሊዛውያን ባንድ፣ መበተን ይተርካል። አተራረኩ ያምራል፤ ድምጹም ጆሮ ይይዛል። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን ፖል ማካርትኒ ባንዱን በትኖ እንደወጣ፣ ከዚያም ቤቱ ቁጭ ብሎ ያልተጠናቀቀ አልበም በጥድፊያ እንዳወጣ ተናገረና ወደ ማስታወቂያ ገባ። ከአልበሙ አንድ ዘፈን እንኳ አላሰማንም።

ከታክሲው ወርጄም ነገሩ ከውስጤ አልወጣም። ይህን አባባል ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። ከዓመት ዓመት፣ ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል። አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ሰምቶ የሚናገረው ግን ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ተነሳሁ። ከመጠየቄ በፊት ግን ምክንያቴን ላስረዳ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

አልበሙ «ማካርትኒ» ይባላል። እንግሊዝ አገር የወጣው ኤፕሪል 17 ቀን 1970 ነው። 13 ዘፈኖች አሉት፤ ሁሉም ተደምረው 35 ደቂቃ ገደማ ናቸው። ጊታሩን፣ ቤዙን፣ ፒያኖውን፣ ድራሙን፣ ሁሉንም የተጫወተው ራሱ ፖል ነው። ሌላ ሰው ቢኖር ሚስቱ ሊንዳ ናት። አንዳንድ ቦታ በድምጽ ታጅበዋለች።

እኔ ይህን አልበም ያገኘሁት ክፉ ጊዜ ላይ ነው። ከጓደኞቼ ጋር የከፈትነው ሥራ ፈርሶ ነበር። ለዓመታት በየቀኑ አብረን የዋልን ሰዎች በስልክ እንኳ መነጋገር አቆምን። ጠዋት ስነሳ የምሄድበት የለኝም። ያን ሰሞን አንድ ዘመዴ በፍላሽ ከሰጠኝ ብዙ ሙዚቃ መሐል ይሄ አልበም ተገኘ። ስለ ታሪኩ የማውቀው ነገር አልነበረም። የሰማሁት ግን ገባኝ። አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ሆኖ፣ ከሰፈሩ ሳይወጣ፣ እጁን እንደገና ሥራ ሲያስለምድ ይሰማል። ታሪኩን አንብቤ የተረዳሁት በኋላ ነው።

እስቲ መጀመሪያ የአራቱን፣ የፖልን፣ የጆንን፣ የጆርጅንና የሪንጎን መለያየት ቅደም ተከተል እናስተካክል። ሪንጎ ስታር በ1968 ባንዱን ጥሎ ወጥቶ ተመልሷል። ጆርጅ ሃሪሰንም በ1969 መጀመሪያ ወጥቶ ተመልሷል። ሴፕቴምበር 20 ቀን 1969 ደግሞ ጆን ሌነን የባንዱ ኩባንያ በሆነው በአፕል ቢሮ ስብሰባ ላይ ከባንዱ ፍቺ እንደሚፈልግ ለባልደረቦቹ ነገራቸው። እሱ አልተመለሰም። ነገሩ ግን በምስጢር ተያዘ፤ ሥራ አስኪያጁ አለን ክላይን ከሸክላ ኩባንያዎቹ ጋር ውል እየተደራደረ ስለነበር ወሬው እንዳይወጣ ተፈለገ። ፖል ያን ክላይን ከመጀመሪያውም አልፈለገውም። ሦስቱ በአንድ ወገን፣ እሱ ብቻውን በሌላ ወገን ቆሙ።

ስለዚህ ፖል ባንዱን በተነ ሲባል የሚዘለለው እነዚህ ወራት ናቸው። በተነው የተባለው ሰው በነዚያ ወራት ስኮትላንድ ኪንታየር ውስጥ ባለች የእርሻ ቤቱ ነበር። ጢሙ አድጓል፤ መጠጥ አብዝቷል፤ ከአልጋ መነሳት ከብዶታል። ይህን ራሱ በኋላ ደጋግሞ ተናግሮታል። ገና 27 ዓመቱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ሥራ በአንድ ስብሰባ አለቀ። ትንሿ ልጁ ሜሪ የተወለደችው በዚያው በ1969 ኦገስት ላይ ነው። ከዚያ ድቅድቅ ውስጥ ያወጣችኝ ሊንዳ ናት ይላል።

ዲሴምበር ላይ ለንደን፣ ሴንት ጆንስ ውድ ወዳለው ቤቱ ተመለሰ። የአቢ ሮድ ስቱዲዮ ከዚያ ቤት በእግር የሚደረስ ነው። በዓለም ምርጥ ከሚባሉት የድምጽ ባለሙያዎች አንዳንዶቹ እዚያ ተቀምጠዋል። እሱ ግን አልሄደም። ስቱደር የተባለ ባለ 4 ትራክ፣ ማለትም አራት ድምጽ ለየብቻ የሚቀዳ፣ የቴፕ ማሽን ቤቱ አስመጣና ሳሎኑ ውስጥ ተከለው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የአልበሙ ምስጢር ያለው እዚህ ነውና። ያ ማሽን ሲመጣ ሚክሰር፣ ማለትም ድምጾችን የሚያመጣጥን መሣሪያ፣ አልነበረውም። ድምጽ ሲበዛ መርፌው ከፍ እያለ የሚያስጠነቅቅ ሜትርም የለውም። ማይክሮፎኑ አንድ ነው፤ እሱም በቀጥታ ከማሽኑ ጀርባ ይሰካል። እና እንዴት ይሠራል? ድራሙን ይመታና ቴፑን መልሶ ይሰማል። የሲምባሉ ድምጽ ከበዛ ማይኩን ራቅ ያደርጋል። ካነሰ ያስጠጋል። እንደገና ይመታል። ከዚያ በሌላው ትራክ ላይ ቤዙን ይጨምራል። አራቱ ትራኮች እስኪሞሉ እንዲህ ይቀጥላል። ባለሙያም፣ ፕሮዲውሰርም፣ ቡና አምጪም የለም። ስህተቱን የሚነግረው የራሱ ጆሮ ነው።

የመጀመሪያው ዘፈን «ዘ ላቭሊ ሊንዳ» ነው። የተቀዳው ማሽኑን ለመሞከር ነበር። አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ድምጹና ጊታሩ በአንድ ትራክ፣ ሌላ ጊታር በሌላው፣ መጽሐፍ በእጁ እየመታ ያወጣው ምት በሦስተኛው፣ ቤዙ በአራተኛው ተቀዳ። ሊንዳ በዚያ በኩል ስታልፍ በሩ ሲንቋቋ ይሰማል። ዘፈኑ በሳቅ ያልቃል። ይህ ሰው አልበሙ ከመውጣቱ ከሰባት ወር ገደማ በፊት «አቢ ሮድ» የተባለውን አልበም ከጓደኞቹ ጋር ያወጣ ነው። የዚያ አልበም ሁለተኛ ገጽ እንደ ሐር ጨርቅ ተያይዞ የተሸመነ ነው። አሁን ደግሞ የበር ድምጽ ያለበትን ሙከራ በአልበሙ መግቢያ ላይ አስቀመጠ። አውጥቶ መጣል ይችል ነበር። አላወጣውም። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ የምንሰማው በዚያ በር ገብተን ነው።

ሁሉም ዘፈኖች ቤት አልተሠሩም፤ ይህንንም በትክክል መናገር ያስፈልጋል። ከቤቱ ሥራ በኋላ ዊልስደን ወደሚገኘው ሞርጋን ስቱዲዮ ሄዷል። መጨረሻ ላይ አቢ ሮድም ገብቷል። ግን ቀጠሮውን ያስያዘው በራሱ ስም አልነበረም፤ ቢሊ ማርቲን በሚል የሐሰት ስም ነው። ማንም እንዲያውቅ አልፈለገም። በዓለም ላይ እጅግ የታወቀ ሙዚቀኛ ሥራውን ተደብቆ ይሠራ ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው ጠብ ነው አልበሙን የጎዳው። የሚወጣበት ቀን ከቢትልሱ «ሌት ኢት ቢ» አልበም ጋር ተጋጨ። ጆንና ጆርጅ ቀኑ ይዘግይ የሚል ደብዳቤ ጻፉ። ሪንጎ ደብዳቤውን ይዞ ወደ ፖል ቤት ሄደ። ፖል በንዴት አስወጣው። ሪንጎ ግን ተመልሶ ቀኑን እንልቀቅለት ብሎ ለሁለቱ የነገረ ሰው ነው። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ልብ ያየሁት እሱ ላይ ነው። የፖል ንዴት ይገባኛል፤ ሪንጎን ማስወጣቱን ግን ትክክል ነው አልልም።

በዚያው ሰሞን ሌላም ነገር ሆነ። ፖል አልበሙን በጨረሰ በቀናት ውስጥ ፕሮዲውሰሩ ፊል ስፔክተር «ዘ ሎንግ ኤንድ ዋይንዲንግ ሮድ» የተባለውን የፖልን ዘፈን ወስዶ ትልቅ ኦርኬስትራና የኳየር ድምጽ ጨመረበት። ፖልን ማንም አላማከረውም። ሲሰማ ይቀነስልኝ ብሎ ጻፈ። ዘፈኑ እንዳለ ወጣ። እንግዲህ ሁለቱን ሥራ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው። በአንዱ ሌላ ሰው ገብቶበታል። በሌላው ማንም ሊገባበት አይችልም። የአልበሙን እርቃን የሆነ ድምጽ እንደ ስንፍና የሚቆጥሩ ሰዎች ይህን ቢያስቡት ደስ ይለኛል።

ከዚያ ያ መጠይቅ መጣ። ፖል ቃለ ምልልስ መስጠት ስላልፈለገ ጥያቄና መልስ ያለበት ወረቀት ከአልበሙ ጋር ለእንግሊዝ ጋዜጠኞች ተሰጠ። ከጆን ጋር ወደፊት ዘፈን ትጽፋላችሁ ወይ ለሚለው መልሱ አንድ ቃል ነበር፦ አይ። የመለያየቱ ምክንያት የግል፣ የንግድና የሙዚቃ ልዩነት እንደሆነ ጻፈ፤ ከሁሉ በላይ ግን ከቤተሰቤ ጋር የተሻለ ጊዜ አሳልፋለሁ አለ። ጊዜያዊ ይሁን ዘላቂ አላውቅም ብሎም ጨመረ። ኤፕሪል 10 ቀን ዴይሊ ሚረር የተባለው ጋዜጣ ፖል ቢትልስን ለቀቀ ብሎ በትልቁ አወጣው። ቀድሞ የተናገረው ሰው እንደ ጥፋተኛ ተቆጠረ።

የኔ አቤቱታ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሕዝቡ አልበሙን ከመስማቱ በፊት ስለ አልበሙ ተቆጥቶ ነበር። ያን ሸክላ የገዛ ሰው የሚወደው ነገር ለምን እንደፈረሰ መልስ እየፈለገ ነው ያዳመጠው። መልስ ፈልጎ የሚያዳምጥ ሰው የበር ድምጽ፣ ሳቅ፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠሩ አጫጭር ዜማዎች ቢሰማ ይበሳጫል። ለዚህ ነው ወይ ያን ሁሉ ያፈረስከው ይላል። ተቺዎቹም ብዙዎቹ እንዲሁ አሉ። ጆን በዚያው ዓመት መጨረሻ በሰጠው ቃለ ምልልስ ቆሻሻ ነው አለው። ጆርጅ ሁለት ዘፈን ወደደለት። ኖቬምበር ላይ የጆርጅ ባለ ሦስት ሸክላ አልበም ሲወጣ ደግሞ የፖል ሥራ ይበልጥ አነሰ። ያም ሆኖ ሸክላው ተሸጧል። አሜሪካ ውስጥ 3 ሳምንት አንደኛ ሆኗል፤ እንግሊዝ ሁለተኛ ደርሷል። ስሙ ግን በዚያ በመጀመሪያው ሰሞን ቁጣ እንደተለጠፈበት ቀረ። ቁጣው ከበረደ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗል። ፍርዱን ግን እኛ አሁንም በሬዲዮ እንደግመዋለን።

ሁሉም ዘፈን ድንቅ ነው አልልም። የመጨረሻው «ክሪን አክሮሬ» ስለ አንድ የብራዚል አማዞን ሕዝብ በቴሌቪዥን ያየው ዘጋቢ ፊልም ያነሳሳው የድራም ሥራ ነው። ቀስትና ደጋን ሳይቀር ቀድቶበታል። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ አራት ደቂቃ መቆየቱ ግን ይበዛበታል። «ቴዲ ቦይ»ም ለኔ ቀላል ነው። «ሞማ ሚስ አሜሪካ» ሁለት የተለያዩ ቁርጥራጮች የተሰፉበት እንደሆነ ያስታውቃል። ይህን ለመካድ አልመጣሁም።

ግን «ጃንክ»ን ሰምታችሁታል? ፖል ዜማውን የጀመረው በ1968 ሕንድ አገር ሳሉ ነው። ለባንዱ አቅርቦት ነበር፤ ቦታ አላገኘም። ግጥሙ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ያሉ ነገሮችን አንድ በአንድ ይጠራል። ለሁለት ሰው የሚሆን ብስክሌት አለ። ለሁለት ሰው የሚሆን የመኝታ ከረጢት አለ። ድሮ ሁለት ሰዎች የተጠቀሙባቸው፣ አሁን ግን የተጣሉ ዕቃዎች ናቸው። እኔ በሰማሁት ቁጥር ምናለሽ ተራ ፊቴ ላይ ይመጣል። እዚያ የሚሸጥ እያንዳንዱ ዕቃ ድሮ የሆነ ቤት ውስጥ ነበር። ዜማው ያንን ሁሉ ያውቃል። ከ1968 እስከ 1970 ሲቆይ ደግሞ ትርጉሙ ከበደ። ሕንድ ላይ ሲጻፍ ስለ ዕቃ ነበር። ለንደን ላይ ሲቀዳ ጓደኝነትም አብሮ ተጥሏል።

ያው ዜማ «ሲንጋሎንግ ጃንክ» በሚል ያለ ግጥም በሁለተኛው ገጽ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ብዙዎች ዘፈን ስላነሰው ደገመው ይላሉ። እኔ የምወደው ይህን ሁለተኛውን ነው። ፒያኖው ዜማውን ብቻውን ይዞ ይሄዳል፤ ከኋላ ሜሎትሮን የተባለው ባለ ቁልፍ መሣሪያ እንደ ቫዮሊን ያጅበዋል። አንድ ሰው ባዶ ቤት ውስጥ ለራሱ ሲያንጎራጉር ይመስላል።

«ኤቭሪ ናይት» ደግሞ ከአልጋ መነሳት ስለጠላ ሰው ነው። ሐዘኑን በጩኸት አይነግረንም። እንደ ቀላል ነገር ያዜመዋል። ሥራ ፈትቼ ቤት በቆየሁባቸው ወራት ስለ እኔ የተዘፈነ ነበር የሚመስለኝ። ሰው ሲከፋው ሁሌ አያለቅስም። አንዳንዴ ሳህን እያጠበ ያንጎራጉራል።

«ሜይቢ አይም አሜዝድ»ን ማንም አይክደውም። ፌብሩዋሪ 1970 ላይ አቢ ሮድ ውስጥ ቀዳው። ፒያኖው፣ ኦርጋኑ፣ ድራሙ፣ ያ የሚያለቅስ ጊታር፣ ሁሉም የእሱ እጅ ነው። ለሊንዳ የጻፈው ዘፈን ነው። አፍቅሮ መፍራትን እንዲህ አድርጎ የዘፈነ ሰው ብዙ አላውቅም። የሚገርመው ያኔ በነጠላ ዜማ አላወጣውም። በኋላ ካቋቋመው ዊንግስ ከተባለው ባንድ ጋር መድረክ ላይ የተጫወተው ቅጂ በ1977 ወጥቶ አሜሪካ ውስጥ እስከ 10ኛ ደረጃ ደረሰ። ተቺዎች አልበሙ ላይ ያለው ይሄ አንድ ዘፈን ነው ይላሉ። እኔ ግን ያለ ሌሎቹ እንዲህ አይሰማም ባይ ነኝ። ዙሪያው ያሉት ዘፈኖች ዝቅ ባለ ድምጽ የሚያወሩ ናቸው። ሲያወራ የቆየ ሰው ድንገት ድምጹን ከፍ ሲያደርግ ነው ልብ የሚደነግጠው።

ሽፋኑንም ብትመለከቱት ይህንኑ ይነግራችኋል። ፊት ለፊቱ ላይ የተበታተኑ ቼሪዎችና አንድ ጎድጓዳ ሳህን አሉ። ጀርባው ላይ ፖል ጢሙን አሳድጎ፣ ሜሪን በጃኬቱ ውስጥ እንደ ጫጩት ሸጉጧት ይታያል። ፎቶዎቹን ያነሳችው ሊንዳ ናት። ቤት ውስጥ የተሠራ እንደሆነ ከመጀመሪያው ነግሮናል። እኛ ካቴድራል ጠብቀን ቤት ሲሰጠን አዘንን።

እኛ አገር ይህ ነገር እንግዳ መሆን አልነበረበትም። በጾም ወራት በገና ሲደረደር የቀሩት ተጫዋቾች የት ሄዱ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንድ ሰው፣ አንድ መሣሪያ፣ ዝቅ ያለ ድምጽ ይበቃናል። እንዲህ ያለ ጆሮ ይዘን የፖልን አልበም በለንደን ጋዜጦች የ1970 ቁጣ የምንለካበት ምክንያት አይታየኝም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ መኝታ ቤቱን ስቱዲዮ ያደረገ ስንት ወጣት አለ። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስ። ጎረቤት ሲያንኳኳ ቅጂው ይበላሻል። ዶሮ ሲጮህ እንደገና ይጀመራል። እነዚህ ልጆች የእናንተን ዝግጅት ይሰማሉ። ቤት የተሠራ ሙዚቃ ያልተጠናቀቀ ሙዚቃ ነው ብላችሁ ስትናገሩ የሚሰሙት ስለ ፖል ብቻ አይደለም። ስለ ራሳቸው ሥራ ጭምር ነው። ፖል እኮ ወደዚያ አሠራር ደጋግሞ ተመልሷል። በ1980 «ማካርትኒ 2»ን፣ በ2020 ዓለም በኮሮና ቤቱ ተዘግቶ ሳለ «ማካርትኒ 3»ን ብቻውን ሠርቶ አውጥቷል። ሦስተኛው ሲወጣ ዕድሜው 78 ነበር፤ እንግሊዝ ውስጥም አንደኛ ሆነ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። ስለ ቢትልስ መበተን ስታወሩ ሴፕቴምበር 1969ን አትዝለሉ። ጥድፊያ የሚለውን ቃል ከመጠቀማችሁ በፊት አልበሙን አንድ ጊዜ ስሙት። ከዚያ አንድ ምሽት ምረጡ፤ ቀን ካስፈለጋችሁ ኤፕሪል 17 አለ። ያለ ማስታወቂያ 35 ደቂቃ ስጡን። በመሐሉ አታውሩ። ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምራችሁ ክፈቱት፤ የበሩ ድምጽ እንዳይቆረጥ ብቻ አደራ። ያን ምሽት ታክሲ ውስጥም ብሆን ወርጄ ቆሜ እሰማችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር አድማጫችሁ
አዲስ አበባ